የሸራው ቀዳዳ

ረቡዕ ነው፣ አስር ሰዓት። አልሜር፣ የዋና ትምህርት ቤት፤
የፕላስቲክ ወንበር፣ የክሎሪን ሽታ፣ ያላበው መስኮት።
ከጉሙ ማዶ፣ ከገንዳው ከንፈር፣ ልጄ ሲበ ቆሟል፤
ሱሪውን ታጥቋል፣ ሹራብ ደርቧል፣ ጫማውን አስሯል።
በኛ አገር ደንቡ ነው፤ ልጅ ከነልብሱ ነው የሚፈተን፤
ቦዩ ከደጃፍ ነው፤ ውሃ ሲወስድ «ጫማ አውልቅ» ብሎ አይለምን።
የቆምንበት መሬት ራሱ ትናንት ባሕር ነበር፤
አባቴ ሲወለድ፣ ዛሬ ሳሎኔ ባለበት፣ ዓሣ ነበር የሚያድር።

ሎተ ከጎኔ ብስኩት ታደቃለች፤
ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ቀሚሴ ላይ ትተክላለች።
ከቦርሳዬ የሌለ የለም፦ የአማቴ ክኒን፣ ያልተዘጋ ሒሳብ፣
ጥንዱ የጠፋ ጓንት፣ ለማታው ዓሣ ሎሚ፣
እንቅልፍም አለ፣ በዕዳ መዝገብ።

ስልኬን አወጣሁ።
መጀመሪያ እነዚያ መጡ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚነሡ እናቶች፤
ከዱባ ጽጌረዳ ቀራጮች፣ ቁም ሣጥን በቀለም ደርዳሪዎች፤
ጥርሳቸው ነጭ፣ ወለላቸው ነጭ፣ ልጆቻቸው እንደ ሐውልት ዝም ያሉ።
በአውራ ጣቴ ሸኘኋቸው፤ ደኅና ዋሉ።

ከእነሱ በታች አንድ ሰው አለ፤ ሴት ይሁን ወንድ አላውቅም፤
በቀን አንድ ሥዕል ይለጥፋል፤ አይመክርም፣ አያስቅም።
የዛሬው ጠረጴዛ ነው። ብርጭቆ፣ ቢላዋ፣ የቆርቆሮ ሳሕን፤
ሎሚም፣ እስከ ወገቡ ተልጦ፤ ልጣጩ እንደ ተፈታ መቀነት
ከጠርዙ ተርፎ የተንጠለጠለ፣ ወደ ጥቁሩ ባዶነት።
ሠዓሊው ከሞተ አራት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፤
ሎሚው ግን እርጥብ ነው።
ምራቄን ዋጥኩ።

በሁለት ጣት ዘረጋሁት። በብርጭቆው ሆድ መስኮት፣
በመስኮቱ ሰማይ፣ በሰማዩ ላይ ደመና አለ፤
ወይም የሎተ የጣት አሻራ፣ በብስኩት ቅቤ የተሣለ።

ድሮ፣ በተማሪነቴ፣ አንድ አስጎብኚ እንዲህ ስላለው ሥዕል
«የዓለም ከንቱነት ነው» ብሎን ነበር፤ ጻፍኩት፣ ለፈተና ይጠቅማል።
ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፦
ይህን ሎሚ መላጥ ማን ጀመረው? ምን ሰምታ ነው ያቆመችው?
ወተት ገንፍሎባት ይሆናል፣ ወይ ከደረጃ የወደቀ ልጅ ጠርቷት፤
እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሮጠች፤
ሠዓሊው፣ ያ ብልጥ፣ እስክትመለስ መች ጠበቃት?
ያቋረጠችውን ሣለ፤ ከሥሩ ስሙን ጻፈበት።
ይኸው ስንት ዘመን ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ የሚያየው
ያልጨረሰችውን ነው።

እኔ ደግሞ ያልጨረስኩትን እንደ ኃጢአት ስቆጥር የኖርኩ!
ግማሽ ሻይ፤ ግማሽ ደብዳቤ፤
ከዮሪት ጋር የጀመርነው ወግ፣ በሎተ ሳል የተቆረጠ፤
ከጋራዡ፣ ከብስክሌቶቹ ጀርባ፣ አንድ ጎኑን ብቻ ቀብቼው የተቀመጠ
ሸራ።

ፊሽካ።
ሸራ አወረዱ፣ ወደ ውሃው፤ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ሸራ፤
ልጆቹ ጠልቀው በቀዳዳው ሊያልፉ፣ ተራ በተራ።
ሲበ ዞሮ ፈለገኝ። ስልኬን እንደ ሌባ ሸሸግሁ።
አፍንጫውን ያዘ። ሰመጠ። ቆጠርሁ፦
አንድ። ሁለት።
የጫማው ሶል በቀዳዳው ገብቶ ጠፋ።
ሦስት።
ሎተ ማኘክ አቆመች።
አራት።
ከሸራው ማዶ ብቅ አለ፣ አየር እንደ ዳቦ እየገመጠ፣
ሹራቡ እንደ በሬ ከብዶት፣ እየሳቀ።

ማታ፣ መጥበሻው ሲንጫጫ፣ ሎሚዬን መላጥ ያዝኩ፣ በቀስታ፣ እንዳይበጠስ፤
«እማዬ! ጫማዬ ውሃ መትፋቱን አላቆመም!» አለ ሲበ፣ ከደረጃው ራስ።
ቢላዋውን አስቀመጥኩ።
ስመለስ ዮሪት ሊያነሣው እጁን ዘርግቶ ነበር፤
ልጣጩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ፣ ገና ሲወዛወዝ።
«ተወው» አልኩት።
ዓሣውን ያለ ሎሚ በላነው።